ጨርቁን ገልብጡት፦ የቆዩ ጨርቆችንና ጥልፎችን አይቶ የመለየት መመሪያ

የቆየ ጨርቅ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታዩት ፊቱን ነው። አበባው፣ ቀለሙ፣ ጥለቱ ዓይን ይስባል። የሠራው ሰውም የፈለገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ቶሎ ብዬ እገለብጠዋለሁ። በእጅ ይሁን በማሽን፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ፣ ቀለሙ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር አብዛኛው መልስ ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ብዙ ሰው "ስንት ያወጣል?" ከሚለው ይጀምራል። እኔ "እንዴት ተሠራ?" የሚለውን አስቀድማለሁ። አሠራሩን ማንበብ የቻለ ሰው በዋጋም በቀላሉ አይሸወድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለወራት መርፌ ይዞ የተቀመጠን ሰው ልፋት ዝም ብሎ አያልፈውም። ይህ መመሪያ ለጠረጴዛ ልብስ፣ ለአልጋ ልብስ፣ ለመጋረጃ፣ ለዳንቴል፣ ለልብስ፣ ለግድግዳ ጌጥ ሁሉ ይሠራል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ አንሶላ አንጥፉ። ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን ጨርቁ ላይ አይረፍ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አታቅርቡ፤ አንዴ የነካ ቀለም አይለቅም። ቀለበትና አምባር አውልቁ። የሚጠጣ ነገር ከጠረጴዛው ይራቅ።

ጓንት የግድ ይመስለናል። ለጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅ ይሻላል። ጓንት የጣትን ጫፍ ያደነዝዛል፣ በላላ ክርም ይያዛል። የብር ወይም የወርቅ ክር ካለበት ብቻ ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ብረቱን ያጠቁረዋል።

ደረጃ 1፦ ገልብጡትና ጀርባውን እዩ

ጥልፍ ከሆነ መነጽሩን ጀርባው ላይ አድርጉ። በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሻገር ይታያችኋል። ክር ያለቀበትና አዲስ የተጀመረበት ቦታ አለ። አንዱ ቅጠል 12 ስፌት ይዞ ጎረቤቱ 14 ሊሆን ይችላል። እጅ ሲደክም ስፌት ይረዝማል፣ ሲያርፍ ይጠብቃል። ይህን መከተል ስትጀምሩ ጠላፊውን አጠገባችሁ ተቀምጦ የምታዩት ያህል ይሆናል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

የማሽን ጥልፍ ብዙውን ጊዜ በሁለት ክር ነው የሚሠራው። አንዱ ከላይ ይመጣል፣ ሌላው ከታች ይቆልፈዋል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ሌላ ክር ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴ ፊቱ ቀይም ሰማያዊም ሆኖ ጀርባው በአንድ ነጭ ክር የተያዘ ነው። ማሽን ነው ማለት አዲስ ነው ማለት ግን አይደለም። ኢሳክ ግሮብሊ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ሺፍሊ የተሰኘውን የጥልፍ ማሽን የፈለሰፈው በ1863 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የማሽን ጥልፍ ሞልቷል፤ የራሱም ውበት አለው።

አንድ የማይሳሳት የሚባል ዘዴ አለኝ። ስህተት ፈልጉ። አንድ አበባ ላይ ትንሽ ጉድለት ካገኛችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ተመሳሳይ አበባ እዩ። ያው ጉድለት እዚያም ቦታው ላይ ካለ፣ ሦስተኛውም ላይ ከተደገመ፣ የማሽን ሥራ ነው። እጅ ይሳሳታል፤ ያንኑ ስህተት ሚሊ ሜትር ሳያዛንፍ ግን አይደግምም።

ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ "ማሽን ነው" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ሁለቱንም ፊት አንድ አድርገው የሚጠልፉ ባለሙያዎች አሉ።

ጥልፍ ሳይሆን ሕትመት ከሆነም መገልበጡ ይጠቅማል። ማሽን ያተመው ቀለም ፊቱ ላይ ደምቆ ጀርባው ላይ ይደበዝዛል። በሰም እየተከለለ የሚነከረው ባቲክ ግን በሁለቱም ፊት ቀለሙ ተቀራራቢ ነው፤ ሰሙ ሲሰነጠቅ የገባው ቀጫጭን የቀለም መስመርም ይታያል። በተለይ የኢንዶኔዥያው ባቲክ በዩኔስኮ በቅርስነት የተመዘገበው በ2009 ነው። ባቲክ መስሎ የታተመ ርካሽ ጨርቅ ስንጥቅጥቁን ሳይቀር አስመስሎ ያትማል። ስትገለብጡት ይጋለጣል። ኢካት የሚባለው ደግሞ ክሩ ሳይሸመን በፊት እየታሰረ ይነከራል። ስለዚህ የቅርጾቹ ጠርዝ እንደ ላባ ብን ያለ ይመስላል። በእንጨት ማኅተም የታተመ ከሆነ ማኅተሙ ያረፈባቸውን መጋጠሚያዎች ፈልጉ፤ አንድ ቦታ ትንሽ ክፍተት፣ ሌላ ቦታ ትንሽ መደራረብ አይጠፋም።

ደረጃ 2፦ ድርና ማጉን ተከተሉ

ድር በርዝመቱ የተወጠረው ክር ነው፣ ማግ ደግሞ በወርዱ የሚመላለሰው። መሠረታዊ የሽመና ዓይነቶች ሦስት ናቸው። በተራው ሽመና ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይሄዳል። ሰያፍ መስመር ካያችሁ፣ እንደ ጂንስ ሱሪ፣ ያ ሁለተኛው ነው። ክሮቹ ብዙ ክር ዘለው ፊቱ ላይ የሚንሳፈፉበትና የሚያንጸባርቀው ሳቲን ነው። ሳቲን የሚለው ቃል የአሠራሩ ስም እንጂ የክሩ ስም አይደለም። ሐርም፣ ጥጥም፣ ፖሊስተርም ሳቲን ሆኖ ይሸመናል። "ሳቲን ስለሆነ ሐር ነው" ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ንድፉ ያልታተመ፣ ያልተጠለፈ፣ ከሽመናው ጋር አብሮ የወጣ ከሆነስ? ጀርባው ላይ ረጃጅም የተንሳፈፉ ክሮች ካሉ በዣካርድ የተሸመነ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ዦሴፍ ማሪ ዣካርድ በ1804 ያወጣው መሸመኛ በተበሳ ካርቶን ይታዘዝ ነበር። ቀዳዳው ባለበት ድሩ ይነሳል፣ በሌለበት ይቀራል። የኋላ ዘመን ኮምፒውተር አባቶች ከዚህ ካርቶን ሐሳብ ወስደዋል።

ወርዱንም ለኩ። ጆን ኬይ በ1733 ማጉን የሚያመላልሰውን ተወርዋሪ መወርወሪያ ከመፍጠሩ በፊት አንድ ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ወርዱ በክንዱ ርዝመት የተወሰነ ነበር። ስለዚህ ድሮ ሰፊ ጨርቅ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ጠባብ ጨርቅ ጎን ለጎን ይሰፋ ነበር። መሐሉ ላይ ስፌት ማግኘት ጥሩ ፍንጭ ነው። ፍንጭ ብቻ ነው። የእጅ ሽመና ዛሬም ጠባብ ነውና።

ልብስ ከሆነ በፍጥነት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የዛሬውን ዓይነት ዚፕ ጌዲዮን ሰንድባክ የሠራው በ1913 ነው፤ በሴቶች ቀሚስ ላይ የተለመደው በ1930ዎቹ ነው። የአስተጣጠብ መመሪያ የተጻፈበት ቋሚ መለያ በአሜሪካ የግድ የሆነው ከ1972 ጀምሮ ነው። ዚፕም መለያም በኋላ ሊቀየሩ ስለሚችሉ የተሰፉበትን ክር ከሌላው ስፌት ጋር አመሳክሩ።

ደረጃ 3፦ ክሩ ከምን እንደተሠራ ለዩ

መጀመሪያ በእጅ። የተልባ እግር ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ክሩ አልፎ አልፎ ወፈር ይላል። ሱፍ ይሞቃል፣ ሲጨብጡት ተመልሶ ይነፋል። ሐር ለመዳፍ ቶሎ ይሞቃል፤ ማንጸባረቁም ሲያዘነብሉት ይለዋወጣል። ራዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ከብደት ብሎ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ከሐር ጋር ያምታታዋል።

እርግጠኛ ለመሆን የእሳት ሙከራ አለ። የራሳችሁ በሆነ ጨርቅ ላይ ብቻ አድርጉት። ከውስጥ ስፌቱ ከተረፈው ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ፣ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሳህን አድርጋችሁ ለኩሱት። ጥጥ፣ ተልባና ራዮን ቶሎ ይነዳሉ፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታሉ፣ ልል አመድ ይተዋሉ። ሱፍና ሐር ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ የሚተዉት ጥቁር ነገር በጣት ሲጫኑት ይደቅቃል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ጠንካራ ዶቃ መሳይ ነገር ይሆናሉ። ድሩንና ማጉን ለየብቻ ሞክሩ። ድሩ ጥጥ ሆኖ ማጉ ሱፍ የሆነ ጨርቅ ብዙ ነው።

ይህ ሙከራ ዕድሜ ለመገመትም ይረዳል። ራዮን የሚሠራበት የቪስኮስ ዘዴ በእንግሊዝ የተፈለሰፈው በ1892 ነው። እሳት ሲነካው የሚቀልጠው አሲቴት የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ለጨርቅ የዋለው በ1920ዎቹ ነው። ናይለንን ዋላስ ካሮተርስ በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ በዱፖንት ቤተ ሙከራ በ1935 አገኘው፤ የናይለን ካልሲ በሰፊው የተሸጠው በ1940 ነው። ፖሊስተር በ1941 ነው የመጣው። እንግዲህ አንድ ሰው "ይህ የ1800ዎቹ ነው" ብሎ ሲሰጣችሁ ክሩ ከቀለጠ ነገሩ አልገጠመም። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የመዘዛችሁት የጨርቁ ክር ይሁን በኋላ የተጠገነበት ክር አረጋግጡ። የድሮ ጨርቅ በዘመናዊ ክር መጠገኑ የተለመደ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀለሙን ከተደበቀበት ፈልጉ

ጫፉን ገለጥ አድርጉ። ገበሩ ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ቁልፉ ሥር እዩ። ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ የመጀመሪያውን ቀለም ጠብቆ ያቆያል። ግራጫ የመሰላችሁ ጨርቅ ውስጡ ወይን ጠጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ አንዴ ደብዛዛ ቡኒ ያልኩት የትራስ ልብስ እጥፋቱ ውስጥ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ሲወጣ ያየሁትን አልረሳውም።

በድሮ የተሸመኑ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ቅጠሎቹ ሰማያዊ ሆነው ካያችሁ ሠዓሊው ተሳስቶ አይደለም። አረንጓዴ የሚወጣው በሰማያዊ ላይ ቢጫ ተደርቦ ነበር። ቢጫው ለብርሃን ደካማ ስለሆነ ለቀቀ፤ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ብቻውን ቀረ።

እስከ 1856 ድረስ የጨርቅ ቀለም በአብዛኛው ከዕፅዋት፣ ከነፍሳት፣ ከባሕር ቀንድ አውጣና ከማዕድን ይገኝ ነበር። በዚያ ዓመት የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒቱን ኩዊኒን ለመሥራት ሲሞክር፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ማደር ከሚባል ተክል ሥር ይገኝ የነበረው ቀይ በ1860ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራ ተሠራ። በፋብሪካ የተመረተ ኢንዲጎ በ1897 ለገበያ ቀረበ። ከመጀመሪያዎቹ የኬሚካል ቀለሞች ብዙዎቹ ቶሎ ይለቁ ስለነበር፣ ፊቱ የገረጣ ውስጡ የሚጮህ ሐምራዊ ካገኛችሁ ከ1856 በፊት ነው ለማለት አትቸኩሉ።

አርጅቶ እንዲታይ ሆን ተብሎ የተነከረ ጨርቅም ያጋጥማል። እውነተኛ ቢጫነት በእኩል አይሰራጭም። የእጥፋቱን መስመር ይከተላል፣ ብርሃን የመታውን ጎን ይመርጣል። ቡናማው ቀለም የስፌት ውስጡንም፣ ጫፉንም፣ ጀርባውንም እኩል ካለበሰው ጠርጥሩ። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት ባትሪ ማብራትም ይረዳል። በዘመናዊ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያ ብርሃን ግን ጨርቁ በቅርቡ ታጥቧል ማለትም ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌሎች ምልክቶች ጋር አብራችሁ መዝኑት።

ደረጃ 5፦ ጥገናውን አክብሩ

የተደገፈ፣ የተጣፈ፣ በሌላ ቀለም ክር የተደረመረመ ቦታ ስታገኙ አትዘኑ። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። አንድ ሰው ይህን ጨርቅ ላለማጣት ያደረገው ነው። በጃፓን ቦሮ የሚባሉት የገበሬ ቤተሰብ ልብሶች ቁራጭ በቁራጭ እየተደራረቡ ለትውልድ የተጠገኑ ናቸው። ዛሬ ሙዚየም ገብተዋል። በቤንጋል ደግሞ ካንታ የሚባለው ሥራ ሳሪ የሚባሉ ያረጁ የሴት ልብሶችን ደራርቦ በተራ ሩጫ ስፌት መስፋት ነው። ከጨርቅ ቁራጭ ነው ያን ሁሉ ውበት ያወጡት።

ስለዚህ የድሮ ጥገና አትፍቱ። መዝግቡት። ክሩ ምን ዓይነት ነው? ስፌቱ ረቂቅ ነው ወይስ በችኮላ የተሠራ? ከአንድ በላይ እጅ ይታያል?

ሊድን የማይችል ጉዳትም አለ። በብረት ጨው የተነከረ ጥቁርና ቡናማ ክር ከሌላው ቀድሞ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጥልፍ ላይ የአበባው ዙሪያ መስመር ብቻ ጠፍቶ የሚገኘው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ያለ ሐር ደግሞ እንዲከብድ በብረታ ብረት ጨው ይሞላ ነበር። እንዲህ ያለው ሐር ሳይነኩት ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድማችሁ ተዉት።

ደረጃ 6፦ ንድፉን ለካችሁ አጥኑ

አንድ አበባ ምረጡ። ጣታችሁን ወደ ጎንና ወደ ታች እያስኬዳችሁ ያው አበባ ዳግመኛ የሚመጣበትን ቦታ ፈልጉ። በሜትር ለኩት። ይህ የንድፉ ድግግሞሽ ነው። ጎን ያለው አበባ በቁመት ግማሽ ወርዶ ከመጣ ዓይን መስመሩን ቶሎ አይነቃበትም፤ ጨርቁ ያለማቋረጥ የሚፈስ ይመስላል። ጎበዝ ንድፍ አውጪ የሚለየው ድግግሞሹን በመደበቁ ነው። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ዊልያም ሞሪስ በ1883 የሠራው ወፎች እንጆሪ የሚሰርቁበት ጨርቅ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ በኢንዲጎ ተነክሮ፣ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ በኬሚካል ይነጣ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ቀለሞች በእንጨት ማኅተም ተራ በተራ ይታከሉ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ ድግግሞሹን በግልጽ የሚያሳዩም አሉ። ማይያ ኢሶላ በ1964 ለፊንላንዱ የጨርቅ ኩባንያ ማሪሜኮ የሣለችው ትልልቅ የፖፒ አበባ አይደበቅም፣ አይሽኮረመምም። ሉሲየን ዴይ በ1951 ያወጣችው ካሊክስ የተባለ ንድፍ ደግሞ ተክልን ወደ ቀጭን መስመርና ወደ ጽዋ መሳይ ቅርጽ ለወጠው። እንዲህ ያሉትን አስተያይታችሁ ስታዩ፣ ስም የሌለውን የጠረጴዛ ልብስም በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

ጠርዝ ያለው ጨርቅ ከሆነ ማዕዘኑን እዩ። ጥለቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ምን ሆነ? ታጥፎ ዞረ? ተቆረጠ? ወይስ ሠሪው አራቱንም ማዕዘን በተለያየ መንገድ ፈታው? እኔ የሠሪውን ችሎታ የምለካው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ ቶሎ አትጠቡ

ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ከቤተሰብ የተሰጠኝ ነጭ የጥጥ ጠረጴዛ ልብስ ነበር፤ ዙሪያው በቀይ ክር የተጠለፈ። ትንሽ ቢጫ ስለነበረ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፈዘፍኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ውኃው ሮዝ ሆኗል። ቀዩ ነጩን በላው። የጠለፈችው እጅ ዳግመኛ አትመጣም፤ ዛሬም ስገልጠው ያመኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሞክሩ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ እያንዳንዱን ቀለም በጀርባው በኩል ለአንድ ደቂቃ ተጫኑት። ከዚያ በሳሙና ውኃ ድገሙት። ነጩ ላይ ትንሽም ቀለም ከታየ ውኃ አታስነኩት። ሐር፣ የብረት ክር፣ የተቀባ ወይም ዶቃ ያለበት ነገር ለባለሙያ ይሰጥ። በረኪና ግን ለየትኛውም አይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አቧራ ማንሳት ብቻ ነው። ጨርቁ ላይ ቀጭን መረብ አንጥፉ። የቫኪዩም ክሊነሩን ኃይል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳታሹ፣ አፉን እያነሳችሁ እያስቀመጣችሁ ሂዱ።

ብል የበላው ወይም ትንንሽ ትል የታየበት ሱፍ ካለ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አየር አስወጥታችሁ እሸጉት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ከረጢቱን አትክፈቱ፤ አለዚያ እርጥበት ጨርቁ ላይ ያርፋል። የሚበላው ትሉ ነው እንጂ የሚበረው ብል አይደለም። ለምግቡም ሱፍ፣ ፀጉርና ሐር ይመርጣል።

ደረጃ 8፦ አስቀምጡና መዝግቡ

ብርሃን የበላው ቀለም አይመለስም። ሙዚየሞች ለጨርቅ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ያ ከተለመደ የቤት መብራት ደብዘዝ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከጥቂት ወራት በኋላ አውርዱና አሳርፉት።

ትልቅ ጠፍጣፋ ጨርቅ ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል። ወፍራም ቱቦ ላይ አሲድ የሌለው ወረቀት አልብሱና ጨርቁን በላዩ ጠቅልሉ። ወረቀቱ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የታጠበ ያልተነከረ የጥጥ አንሶላ ይተካል። ጨርቁ በቀጥታ ተራ ካርቶን ወይም ጥሬ እንጨት አይንካ፤ ከሁለቱም የሚወጣው አሲድ ያቢጨዋል። በፕላስቲክ አፍናችሁም አታስቀምጡ። ቅርጫት በሚመስል ጠባብ ዕቃ ጎስጉሶ መክተትም ክሩን ይሰብረዋል።

ለእያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ገጽ ስጡ። ርዝመትና ወርድ፣ የክሩ ዓይነት፣ ሽመናው፣ ጥገናው ያለበት ቦታ፣ ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉ። የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱ። ቁጥሩን በትንሽ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ፣ ጥግ ላይ በሁለት ላላ ያለ ስፌት አያይዙት፤ ሙጫ፣ ስፒልና ስቴፕለር አይነካውም። ታጥፎ የሚቀመጥ ካለ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አስገቡ። በየስድስት ወሩ ክፈቱትና ብል እንዳለ እዩ፤ ስትመልሱት በሌላ መስመር እጠፉት።